እጄ አልታዘዝ ያለኝ ጊዜ

የወደቅኩት በነሐሴ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ቆሻሻ ልጥል እየወረድኩ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ደረጃዎች በእግሬ ሳይሆን በጎኔ ወረድኳቸው። ቀኝ ክንዴ ከሥሬ ነበር። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት። ፌስታሉ ግን አልፈነዳም። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) ራጅ አነሱኝ። የላይኛው የክንድ አጥንት፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው፣ መሃሉ ላይ ተሰብሯል አሉኝ። ጀሶ አሰሩልኝ፣ ማስታገሻ ሰጡኝ፣ ወደ ቤት ሸኙኝ። አንድም ሰው "እስቲ እጅህን ቀና አድርግ" አላለኝም። እኔም አልሞከርኩም። ክንዱ የተሰበረ ሰው የጣቱ ነገር ትዝ አይለውም።

ማታ ነው ያየሁት። እናቴ ሻይ አቀረበችልኝና ከአንገቴ ላይ ከተንጠለጠለው ጨርቅ ውስጥ እጄን ሳብ አደረግኩት። ከአንጓው ላይ ወደ ታች ወደቀ፤ እንደ ታረደ ዶሮ አንገት። ቀና ላደርገው ሞከርኩ። ምንም። አላመመኝም። ከባድም አልነበረም። ጭራሽ የሚመልስልኝ የለም። ስልክ ደውላችሁ ሴትዮዋ "ቆይተው ይደውሉ" እንደምትለው ነው። እኔ እየደወልኩ ነው፤ እጄ ግን ኔትወርክ የለውም።

"ነገ ወጌሻ ጋ እንሄዳለን" አለች እማዬ።

ለወጌሻ ክብር አለኝ። ልጅ ሆኜ የዞረ እግሬን ቅቤ ቀብተው፣ አሽተው፣ አንዴ ቀጭ አድርገው የመለሱልኝ ሽማግሌ እስከ ዛሬ ትዝ ይሉኛል። ራጅ ሳያዩ አጥንት በጣታቸው የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ግን ክንድን በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር እንደሚያደርግ፣ በዚህም እጃቸውን እስከ መቆረጥ የደረሱ ሰዎች እንዳሉ የአጥንት ሐኪሞች ሁሉ የሚናገሩት ነው። ከዚያ ሌላ እኔ ያስጨነቀኝ አጥንቱ አልነበረም። አጥንቱ ህመም አለው፣ ስብራት አለው፣ ፎቶውም በእጄ ነው። የእጄ ዝምታ ግን ራጁ ላይ የለም።

በማግስቱ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል "እስቲ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቁም በለኝ" አለኝ። መዳፍን ወደ ፊት አድርጎ እጅን ከአንጓው ቀና ማድረግ ማለቱ ነው። አልቻልኩም። "አውራ ጣትህን ወደ ላይ።" አልቻልኩም። "ጨብጥ።" ጨበጥኩ፤ ግን ጭብጤ የሕፃን ነው። በጥጥ የእጄን ጀርባ ነካካ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ጥጡ አልተሰማኝም።

"ራዲያል ነርቭ ነው" አለኝ። ሐረግ እንጨት ላይ እንደሚጠመጠም፣ ይህ ነርቭ የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ በኩል ዞሮት ነው የሚወርደው። በጣም ከመጠጋቱ የተነሳ አጥንቱ መሃሉ ላይ ሲሰበር ነርቩም አብሮ ይጎዳል፤ ሁሌ አይደለም፣ ግን እንግዳ ነገርም አይደለም። "ተበጥሷል?" አልኩት። "አይመስለኝም። ተጨፍልቆ ወይም ተለጥጦ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። እንጠብቃለን።" "እስከ መቼ?" "ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንተው አስላው።"

ቤት ገብቼ የእህቴን ልጅ ማስመሪያ ተዋስኩ። ከስብራቱ እስከ ክንዴ ጡንቻ 11 ሴንቲ ሜትር መጣ። መቶ አሥር ቀን።

እስከዚያ ድረስ ስለ ሰውነቴ የነበረኝ እውቀት የስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። አዋቂ ሰው 206 አጥንት አለው፣ ጡንቻው ከ600 በላይ ነው፣ ነርቭ መልእክት ያደርሳል። ለፈተና ሸምድጄ የረሳሁት። አሁን ግን የራሴ እጅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያስተምረኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ ጡንቻ መጎተት እንጂ መግፋት አያውቅም። ያጥራል፣ ይለቃል፣ በቃ። ስለዚህ አንድ መገጣጠሚያ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ጡንቻ ካለው ወደ ሌላው ጎን የሚስብ ባላጋራ ያስፈልገዋል። ክርኔን የሚያጥፈው ፊት ለፊት ነው ያለው፤ የሚዘረጋው ከኋላ። አንዱ ሳብ ሲባል ሌላው "አንተ ልቀቅ" ይባላል። ይህንን የደረሰበት እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በነርቭ ሥራዎቹ ኖቤል ተሸልሟል። እኔ ጋ የሆነው እጅን ወደ ታች የሚያጥፉት ጡንቻዎች ሌላ ነርቭ ስላላቸው ደህና መሆናቸው ነው። ወደ ላይ የሚያቃኑት ባላጋራዎቻቸው ብቻ ዝም አሉ። ገመድ ጉተታ ላይ የአንዱ ወገን ሰዎች በሙሉ ጥለው እንደሄዱ አስቡት።

ሁለተኛው፦ ጣቶቻችን ውስጥ ጡንቻ የለም ማለት ይቻላል። አሁን ይህንን እያነበባችሁ ክርናችሁ ሥር ክንዳችሁን በሌላ እጃችሁ ያዙና ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ተንቀሳቀሰ አይደል? ጣትን የሚዘውሩት ዋናዎቹ ጡንቻዎች እዚያ ናቸው። ጣቱ ጋ የሚደርሱት በረጃጅም ጅማት ነው። ጣት ቀጭን የሆነውም ለዚህ ነው። ጡንቻው ሁሉ እዚያው ጣት ላይ ቢከመር ኖሮ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ባልነበረ።

እንጀራ ያስተማረኝ ሦስተኛውን ነው።

ቀኝ እጄ በጀሶው ምክንያት አፌ ጋ ባይደርስም፣ ትሪውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቢያንስ መቁረስ እችላለሁ ብዬ ነበር። በግራ መብላት እናቴ ፊት አይታሰብም፤ ብትፈቅድልኝም እኔ አልደፍርም። ጣቶቼን ወደ ውስጥ ማጠፍ ስለምችል ምን ይከለክለኛል አልኩ። እንጀራው ላይ እጄን ጣልኩት። ጣል ነው የሚባለው፣ ሌላ ቃል የለውም። አውራ ጣቴ አልከፈት አለ። በግራ እጄ ከፈትኩት። ሌባ ጣቴን ወደሱ አጠፍኩ። ያዘ። ሳብኩ። እንጀራው አልተቆረሰም፤ ጣቶቼ ሾልከው ባዶ ወጡ። ደገምኩ። ሾለከ። አስቡት፣ እንጀራ ነው! ድንጋይ አይደለም።

ሐኪሙ በኋላ ምክንያቱን ነገረኝ። እናንተም ሞክሩት። ብዕር በጡጫችሁ ጨብጡ። አሁን የእጃችሁን አንጓ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ እጠፉት። በሌላ እጃችሁ ብዕሩን ሳቡ። ሹልክ ይላል። ቀድሞ ያጠረ ጡንቻ ከዚያ በላይ የሚያጥርበት ቦታ የለውማ። ለመጨበጥ መጀመሪያ እጅ ከአንጓው ቀና ብሎ መቆም አለበት። እጅን ከኋላ ቀና አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ማንም የማያመሰግነው ነው። ስንጨብጥ የምናየው ጣቶቹን ነው። እሱ ግን ካልቆመ ጣቶቹ የሚቆርሱት የላቸውም።

እማዬ ትሪውን ወሰደችው። ጠቅልላ አጎረሰችኝ። በ37 ዓመቴ፣ ለሁለት ወር። "ጉርሻ ፍቅር ነው" የሚል ሰው አሁን ሲያጋጥመኝ ፈገግ እላለሁ። ፍቅር ነው፤ ግን ሚጥሚጣ ስታበዛ "ቀንሺ" ለማለት አፍ ባዶ መሆን አለበት።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ እሷ ግን "ወንድምዬ" እያለች እንደ ሕፃን ነበር የምታባብለኝ። ለእጄ አንጓ መደገፊያ አሠራችልኝ፤ ቀና አድርጎ የሚይዝ። በየቀኑ ጣቶቼን በግራ እጄ እንድዘረጋቸው አዘዘችኝ። "የማይሠራ እጅ ማንቀሳቀስ ምን ይጠቅማል?" አልኳት። ነርቩ እስኪመለስ መገጣጠሚያው ከደረቀ፣ ነርቩ ሲመጣ የሚያንቀሳቅሰው አያገኝም አለችኝ። ጡንቻውም አይጠብቅም። የክንዴ ጀርባ ሲከሳ በዓይኔ አየሁት። መስከረም ሲያልቅ ሁለቱ አጥንቶች መሃል ጎድጎድ ብሎ ነበር። መልእክት የማይደርሰው ጡንቻ ይሟሽሻል። ከዓመት፣ ከዓመት ተኩል በላይ ከቆየማ ነርቩ ቢደርስም እንደ ድሮው ላይቀበለው ይችላል።

በነዚያ ሳምንታት አንዱ የገረመኝ ነገር ፍጥነቱ ነው። በጤነኛ ክንድ ላይ ትእዛዝ በነርቭ ውስጥ በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ሜትር ይጓዛል። ከአንገት እስከ ክንድ ለመድረስ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም። መንገዱ ሲጎዳ ግን ጥገናው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የሰፈሬን አስፋልት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም።

ሲደርስስ ምን ይሆናል? ነርቩ ጡንቻውን አይነካውም። መሃላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ነርቩ እዚያ ክፍተት ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይረጫል። ጡንቻው ያንን ሲቀበል በራሱ ላይ ኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ውስጡ የተቆለፈ ካልሲየም ይፈታል፣ ከዚያ ጉተታው ይጀመራል። አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉ። ማዮሲኑ ጥቃቅን እጆች አሉት። ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን እንዴት ነው የሚስበው? ያዝ፣ ሳብ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ። እንደዚያ ነው። ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንን ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ደርሰውበት በአንድ መጽሔት ላይ አወጡት። የሁለቱም ቡድን መሪ ስም ሃክስሊ ነው፤ አንድሩ እና ሂዩ። ዘመዳሞች አይደሉም።

እኔን የያዘኝ ግን "ልቀቅ" የምትለዋ ናት። ማዮሲን ገመዱን ለመልቀቅም ጉልበት ይፈልጋል፤ ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ። ነዳጁ ካለቀ እንደያዘ ይቀራል። ሰው ሲሞት ከጥቂት ሰዓት በኋላ አካሉ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ገናዦች "ሳይደርቅ ቶሎ" የሚሉት ይህንኑ ነው። አያቴ ስታርፍ ጎረቤታችን እጆቿን ቶሎ ብለው ሲያሰናዱ አይቼ መቻኮላቸው አስከፍቶኝ ነበር። ለካ ያውቁ ኖሯል፤ የማዮሲንን ስም ሳይሰሙ።

በወር አንዴ ልጅቷ ክንዴን በጣቷ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ወደ ታች ትወርዳለች። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ እጄ ጀርባ ላይ ንዝረት ይሰማኛል፤ ክርንን ጠረጴዛ ሲመታው እንደሚሆነው። "እዚህ ደርሷል" ትልና በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። በመስከረም ከክርኔ በላይ ነበር። በጥቅምት ክርኔን አለፈ። ውስጡ የነበረው የነርቭ ክር ከጉዳቱ በታች ሞቷል፤ ሽፋኑ ግን ባዶ ቱቦ ሆኖ ቀርቷል። አዲሱ ክር ያንን ቱቦ ተከትሎ ነው የሚወርደው። ቱቦው ባይኖር የት እንደሚሄድ አያውቅም።

ሁሉም ነርቭ ግን እንዲህ አይደለም። በእነዚያ ቀናት ስለ አበበ ቢቂላ ደጋግሜ አስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው። በመጋቢት 1969 የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን እንዲህ አስቤው አላውቅም፦ ያን ዕለት እነዚያ እግሮች ምንም አልሆኑም። ባቱ ያው ባት ነው፤ አጥንቱ ያው ሮምን የረገጠው አጥንት ነው። የተጎዳው አንገቱ ጋ ያለው ህብለ ሰረሰር ነው። በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ የነርቭ ክሮች ደግሞ እንደ ክንድና እግር ነርቮች መልሰው አያድጉም። የኔ ጉዳት መንገዱ ከዋናው መስመር ወጥቶ ወደ ሰፈር በገባበት ላይ ነው። የሱ ዋናው መስመር ላይ ነበር።

እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት። በ1970 እዚያው በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ቀስት ለመሳብ ምን ምን እንደሚያስፈልግ አሁን አውቃለሁ። ክንድ ብቻ አይደለም። አንጓው ቀና ብሎ መቆም አለበት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ክርኔን ሳጥፍ ከክንዴ ጎን ያለች አንዲት ጡንቻ ብቅ አለች። የመጀመሪያዋ። ኅዳር ሲያልቅ፣ ያን ማስመሪያ ተውሼ ያሰላሁት መቶ አሥር ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቴሌቪዥን እያየሁ እጄ ጭኔ ላይ እርግብ አለ። ዝንብ ያረፈበት የበሬ ቆዳ እንደሚያደርገው። መጀመሪያ እኔ ያደረግኩት አልመሰለኝም። "ቁም" አልኩት በልቤ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። እንደገና እርግብ አለ። እማዬን ጠራኋት። መጥታ ቆመች። እሷ ስታይ አልሠራም። ልጅ ሆኜም እንግዳ ፊት ግጥም በለን ስባል እንዲሁ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአንጎል ነው። እጄ ይነሳል፣ ግን ሲኒ ለመያዝ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማንሳት አያውቅም። ወይ ይቀራል፣ ወይ ይበዛል። ጡንቻና ጅማት ውስጥ ምን ያህል ተለጠጥኩ፣ ምን ያህል ተሳብኩ እያሉ ወደ ላይ የሚልኩ ጠቋሚዎች አሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን መንካት የምትችሉት በነሱ ነው። የኔዎቹ ወሬ ገና የተዘበራረቀ ነበር። ሁለት ሲኒ ሰበርኩ። አንዱ የእናቴ የጥንት ነው፤ ይቅርታ አላደረገችልኝም።

አጥንቱም የራሱን ነገረኝ። በጥር መጀመሪያ አምስት ኪሎ ቲማቲምና ሽንኩርት የያዘ ዘንቢል አነሳሁና ክርኔን አጥፌ ይዤ ቆምኩ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ አጥንቱ ላይ የሚያርፈው ከመታጠፊያው አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ራቅ ብሎ ነው። ዘንቢሉ ያለው ደግሞ ሠላሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ። ስለዚህ ለአምስት ኪሎ ጡንቻዬ የሠላሳ አምስት፣ የአርባ ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። ሞኝ አሠራር ይመስላል። ግን በሌላ በኩል ጡንቻው ጥቂት ሲያጥር እጅ ብዙ ይጓዛል። ድንጋይ የምንወረውረው፣ ዝንብ የምናባርረው በዚህ ነው። ጉልበት ከስረን ፍጥነት ገዝተናል።

ከጥምቀት በኋላ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ጣቶቼ ገና አልተዘረጉም፣ እጄ ላይ መደገፊያው አለ። እስክስታ ሲመጣ ልቀመጥ ስል ጎተቱኝ። ገባሁ። ትከሻዬ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል! ነርቩ ሌላ ነው፤ ማንም አልነካውም። በኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት፣ ክንዳችንን ከነትከሻው ከደረታችን አጥንት ጋር በአጥንት የሚያገናኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከአንገታችን ሥር፣ ማንቁርታችን አጠገብ ያለችው የብርት አጥንት ጫፍ። የጀርባችን ሰፊ የትከሻ አጥንት ጎድን ላይ ተንሳፎ በጡንቻ ብቻ የተያዘ ነው። እንዲያ ባይሆን እስክስታ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ላቤ እስኪወርድ ወረድኩ። አንድ አጎቴ "በሽተኛ ነው ያላችሁት ይሄን ነው?" አሉ።

ጣቶቼ በየካቲት ተነሱ። አውራ ጣቴ፣ ከሁሉም የራቀችው፣ በመጋቢት። የእጄ ጀርባ ላይ ያቺ የሳንቲም ቦታ አሁንም ትንሽ ደንዝዛለች፤ ስብሰባ ሲረዝምብኝ በጥፍሬ እነካካታለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ፊዚዮቴራፒ የሄድኩ ቀን ልጅቷ "እስቲ ቁም በለኝ ወንድምዬ" አለችኝ። ቁም አልኳት። በመዳፏ መዳፌን ገፋችው። አልተበገርኩም። ፋይሌን ዘጋችው።

ከግቢው ወጥቼ ዜብራው ላይ ቆምኩ። አንድ ሚኒባስ እየበረረ ይመጣል። ቀኝ እጄን አነሳሁ፤ መዳፌ ወደ ፊት፣ አንጓዬ ቀጥ ያለ፣ አምስቱም ጣቶቼ የተዘረጉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያማረ "ቁም" ያሳየሁ አይመስለኝም። ሚኒባሱ አልቆመም። ወያላው ብቻ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እጁን አወዛወዘልኝ።